ተወዳዳሪው ይገለጥ፣ መራጩ ይሸፈን

«ማንን እንደመረጥኩ ያውቁብኛል ወይ?» ምርጫ በተቃረበ ቁጥር በደቡብ ወሎ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ፣ በገበያውም በለቅሶ ቤቱም በሹክሹክታ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። የሚሰጠው መልስም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ መከለያ አለ፣ ሳጥኑ ታሽጓል፣ ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም፣ ስለዚህ ማንም አያውቅም። መልሱ ስህተት የለበትም፤ ጠያቂው የፈራውን ነገር ግን አልነካውም። የተሁለደሬ ወይም የአምባሰል ገበሬ ሳጥኑ ተከፍቶ ወረቀቱ ይለቀምብኛል ብሎ አይሰጋም። የሚያሰጋው ድምፅ ከመስጠቱ ከወራት በፊት ስሙ በማን መዝገብ እንደሰፈረ፣ ማን ቤቱ ድረስ መጥቶ እንዳስፈረመው፣ ከምርጫውም በኋላ የመንደሩ ውጤት በር ላይ ሲለጠፍ ማን ቆሞ እንደሚያነበው ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው። በአገራችን የመራጩ ምስጢር የሚወጣው በአመዛኙ በምርጫው ዕለት አይደለም፤ ዕጩዎች በሚመዘገቡበትና የመራጮች መዝገብ በሚያዝበት ሕግና ልማድ በኩል ነው። የዕጩዎች ሕግና የመራጩ ምስጢር ሁለት የተለያዩ ርዕሶች ተደርገው ስለሚታዩ፣ አንዱ ሌላውን ሲያፈርሰው የሚያስተውል ጠፍቷል። በክልሎች ለዓመታት የተቋረጠው የወረዳና የቀበሌ ምርጫ እንደገና ከመጀመሩ በፊት ይህ መስተካከል አለበት፤ ምክንያቱም ጉዳቱ ከየትኛውም ምርጫ ይልቅ የሚከፋው ሁሉም ሰው ሁሉንም በሚያውቅበት በዚያ እርከን ነው።

መከለያው የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

ሕጉ በወረቀት ላይ ጠንካራ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 በየትኛውም የመንግሥት እርከን የሚደረግ ምርጫ ሁሉን አቀፍ፣ እኩልና በምስጢር ድምፅ የሚካሄድ እንዲሆን ደንግጓል። በየትኛውም እርከን ማለቱ ቀበሌንም ይጨምራል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 25ም ይህንኑ ይላል። ቃል ኪዳኑን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ማብራሪያ፣ መራጩ ማንን እንደመረጠ ብቻ ሳይሆን ማንን ሊመርጥ እንዳሰበም እንዲናገር ከሚደረግበት ማናቸውም ግፊት ሊጠበቅ እንደሚገባ ገልጿል። ይህች «ሊመርጥ እንዳሰበ» የምትለው ነገር ለእኛ ጉዳይ ቁልፍ ስለሆነች አንባቢ ይያዝልኝ።

የምርጫ ጣቢያው ሥርዓትም በአብዛኛው ይህን ይጠብቃል። መራጩ የምዝገባ ካርዱን ያሳያል፣ ስሙ ከመዝገቡ ላይ ይፈለጋል፣ ጣቱ ላይ ቶሎ የማይለቅ ቀለም ይቀባል፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መከለያው ይገባል። ማንበብ ለማይችለው ወረቀቱ ላይ የተወዳዳሪው መለያ ምልክት አለለት። የ1997ቱን ምርጫ የሚያስታውስ ሰው የኢሕአዴግን ንብና የቅንጅትን ሁለት ጣቶች አይረሳም። መራጩ ምልክት አድርጎ ወይም ጣቱን አሳርፎ ያጥፈዋል፣ ወደ ሳጥኑ ይጨምረዋል። ራሱ ምልክት ማድረግ የማይችል ሰው የሚያምነውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ጣት ማሳረፍ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ተብሎ የተፈቀደ፣ በጎ ታስቦ የተሠራ ነገር ነው። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ግን የአሥሩንም ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይመዘግባል። ከሃያ ዓመት በፊት ወረቀት ላይ ያረፈ አሻራ የማንም አልነበረም፤ ዛሬ ግን ፈላጊ ካገኘ ስም ሊሆን ይችላል። ማንም ይህን እያደረገ ነው አላልኩም፤ የሚያደርግ ስለመኖሩም ማስረጃ የለኝም። የምስጢር ድምፅ ትርጉሙ ግን ቢፈልጉም እንኳ ማወቅ የማይቻል መሆኑ ነው። ለአሻራው ምትክ አንድ ዓይነት ማኅተም በየመከለያው ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ምስጢራዊ ድምፅ የቆየ ነገር እንዳልሆነም ማስታወስ ይጠቅማል። አውስትራሊያ ውስጥ በቪክቶሪያና በደቡብ አውስትራሊያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው፤ እንግሊዝ የተቀበለችው በ1872 ነው። ከዚያ በፊት የእንግሊዝ ጭሰኛ የመሬት ባለቤቱ ቆሞ እየሰማው ነበር የመረጠውን ሰው ስም የሚጠራው። የቅርብ ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ገዢው ፓርቲ ካኑ ዕጩዎቹን ሲለይ መራጩን ከየዕጩው ወኪል ኋላ በሰልፍ አቁሞ ራስ አስቆጥሯል። በዚያ ሰልፍ 70 በመቶ ያገኘ ሰው ያለ ተቀናቃኝ አላፊ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። በየቦታው ረጅሙ ሰልፍ ተሸነፈ፣ አጭሩ አሸነፈ እየተባለ ሲታወጅ ሕዝቡ በዓይኑ አይቷል። ኬንያውያን ዛሬም ያንን ምርጫ የሚያነሡት በምሬት ነው። በሰልፍ መቆምና በፊርማ ወረቀት ላይ መሰለፍ ምን ያህል ይለያያሉ? ወደ ፊርማው እንሂድ።

የዕጩው ፊርማ፣ የደጋፊው ስም

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162 ቀድሞ የነበሩትን የተበታተኑ ሕጎች አንድ ላይ አምጥቷል። ዕጩ 21 ዓመት፣ መራጭ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። አዋጁ ፓርቲ ለመመሥረት የሚያስፈልገውን ሰው ከፍ አድርጎ ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10 ሺሕ፣ ለክልል ፓርቲ 4 ሺሕ መሥራች አባላት እንዲኖሩት ጠይቋል። ለመወዳደር የሚፈልግ የግል ዕጩም የድጋፍ ፊርማ ከነዋሪው ማሰባሰብ ይጠበቅበታል። የሕጉ ዓላማ ግልጽ ነው፤ ሕዝብ የማያውቀው፣ ለስም ብቻ የሚቀርብ ተወዳዳሪ ወረቀቱን እንዳያጣብበው፣ ፓርቲም በአንድ ቤተሰብና በአንድ ማኅተም እንዳይቋቋም።

ሰኔ 14 ቀን 2013 በተካሄደው 6ኛው አገራዊ ምርጫ የድጋፍ ፊርማው ግዴታ ለጊዜው ተነሥቶ ነበር። ምክንያቱ ኮቪድ ነው፤ ቤት ለቤት ማስፈረም ወረርሽኙን ያስፋፋል ተብሎ ነው። ስለ ጤና የተጨነቀው ሕግ አውጪ ስለ ፈራሚው ምስጢር አንድም ቃል አለማንሣቱ ያሳዝነኛል። ፊርማው ቀርቶ ምርጫው ተካሄደ፤ በተወዳዳሪ ብዛት የተነሣ አልተቻለም የተባለ ነገር ግን አልሰማንም። ይህ ራሱ ሊመረመር የሚገባው ትምህርት ነው።

አንባቢ እንዲይዝልኝ የጠየቅሁት «ሊመርጥ እንዳሰበ» የሚለው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ የደገፈ ሰው ማንን ሊመርጥ እንዳሰበ በፊርማው ተናገረ ማለት ነውና። የፊርማው ቅጽ ምን እንደሚመስል እናስብ። ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ቀበሌ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማ ወይም አሻራ። አንድ ገጽ ላይ በርካታ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ይሰፍራሉ። አሥራ አምስተኛው ፈራሚ የአሥራ አራቱን ስም ያነባል፤ አስፈራሚው የሁሉንም ያውቃል። ወረቀቱ ወደ ወረዳው የምርጫ ጽሕፈት ቤት ሲገባ እዚያ ያለው ሁሉ ያያል። ፊርማው እውነተኛ መሆኑ ይጣራ ሲባል ደግሞ ሰው እየተላከ «አንተ ነህ የፈረምከው?» ተብሎ ይጠየቃል። ከ6ኛው ምርጫ በፊት ምርጫ ቦርድ የፓርቲዎችን መሥራች አባላት ፊርማ በናሙና ሲያጣራ፣ መስፈርቱን ያላሟሉ በርካታ ፓርቲዎች ተሰርዘዋል። ማጣራቱ ተገቢ ነው፤ ያለ ማጣራት ፊርማው ቀልድ ይሆናል። ግን እያንዳንዱ ማጣራት ስሙን ለሌላ ሰው የሚያሳይ ተጨማሪ እጅ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ብዙ ላያስፈራ ይችላል፤ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ የጎረቤቱን ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል። በሐይቅ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት መታወቂያ ይሰጣል፣ ነዋሪነት ይመሰክራል፣ የማዳበሪያ ፈላጊው ስም ዝርዝር በእሱ በኩል ያልፋል፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያለበት ክርክር በመጀመሪያ ወደ እሱ ይመጣል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ወሎ ወረዳዎች ብዙ ቤተሰብ ሲረዳበት የቆየው ሴፍቲኔት ማን ይግባ፣ ማን ይመረቅ የሚለው የሚወሰነው በዚያው በመንደሩ ባሉ ኮሚቴዎች ነው። እንግዲህ የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ ዕጩ ሆኖ፣ ወይም የዕጩው ዘመድ ሆኖ የፊርማ ወረቀት ይዞ ደጃፍ ላይ ሲቆም፣ «አልፈርምም» ማለት የምትችለው እናት ማን ናት? በተቃራኒው ደግሞ ለሌላው ዕጩ ከፈረመች በኋላ የክረምቱ ማዳበሪያ ቢዘገይባት፣ በእውነት በትራንስፖርት ምክንያት የዘገየ ቢሆን እንኳ፣ በልቧ ምን ትላለች? ጉዳቱ ለመድረስ በቀል መፈጸም አያስፈልገውም። ጥርጣሬው ብቻ ይበቃል።

ወሎ ደግሞ ስለ ስም ዝርዝር ሌላ ቦታ የማይታወቅ ነገር ያውቃል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሕወሓት ኃይሎች እስከ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሱበት ወቅት፣ ሐይቅም ውጫሌም በጦርነቱ ውስጥ ነበሩ። በዞኑ ብዙ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ሰነዶችም ተቃጥለዋል፣ ተበትነዋል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል በሚደረግ ግጭት ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ አገር ዛሬ አንድ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ የደጋፊዎች ዝርዝር ነገ በማን እጅ እንደሚወድቅ የሚያውቅ የለም። አሰባሳቢው ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ከእሱ ዕድሜ በላይ ይቆያል። ለአንዱ ወገን የፈረመ በሌላው ይጠየቃል። ይህ አደጋ ለብልጽግና ዕጩ በፈረመውም፣ ለአብን ወይም ለኢዜማ ዕጩ በፈረመውም፣ ለግል ተወዳዳሪ በፈረመውም ላይ እኩል ነው። ስለዚህ ነገሩን የአንድ ወገን ቅሬታ አድርጎ ማየት አይገባም።

«የምን መደበቅ ነው?»

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርቡ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ከባህላችን የሚነሣ ነው። በወሎ ቅሬ ዳኛውን የሚመርጠው በአደባባይ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተናግሮ፣ ሁሉም «ይሁን» ብሎ። አባጋሮች ደም የሚያደርቁት በግልጽ፣ በሰው ፊት ነው። ታዲያ ለሐቀኛ ሰው ምን መደበቅ ያስፈልገዋል? የደገፈ በግልጽ ይደግፍ፣ የተቃወመም በግልጽ ይቃወም፤ መደበቅ አለመተማመንን ያመጣል የሚሉ፣ ዕድሜና ክብር ያላቸው ሰዎች አሉ።

ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። የቅሬው ዳኛ ማዳበሪያ አያከፋፍልም፣ መታወቂያ አይከለክልም፣ ፖሊስ አያዝም። ሥልጣኑ ሰዎቹ በፈቃዳቸው የሰጡት ነው፤ ያልወደደው ሰው ሌላ ቅሬ ሊገባ ይችላል። በቀበሌው ምርጫ የሚመረጠው ግን መንግሥት ነው። ከመንግሥት ወጥቶ ሌላ መንግሥት የሚገባ ገበሬ የለም። ግልጽነት የሚያምረው ሁለቱ ወገኖች ተመጣጣኝ ጉልበት ሲኖራቸው ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ በግላሩስና በአፔንዜል ኢነርሮደን ካንቶኖች እስከ ዛሬ ሰው አደባባይ ወጥቶ እጁን እያነሣ ይመርጣል፤ እዚያ ያስቻለው እጁን ያነሣው ሰው በማግስቱ ምንም የሚያጣው ነገር አለመኖሩ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሕግ ባለሙያዎች ይመጣል። ፊርማው ከቀረ ማንኛውም ሰው እየተነሣ ዕጩ ነኝ ይላል፤ ወረቀቱ ረዝሞ መራጩ ግራ ይጋባል። በምትኩ የገንዘብ ማስያዣ ይሁን ቢባል ደግሞ ደሃው ገበሬ ከውድድር ይወጣል፤ በንጉሡ ዘመን የፓርላማ ዕጩ ንብረት ያለው መሆን አለበት ይባል የነበረውን በሌላ በር ማስገባት ይሆናል። ይህ ሥጋት እውነት አለው፤ እኔም የገንዘብ ማስያዣ ደጋፊ አይደለሁም። ግን ምርጫችን በፊርማና በገንዘብ መካከል ብቻ የታጠረ አይደለም። የፊርማው ቁጥር ይነስ፣ አፈራረሙም ይለወጥ ነው የምለው። የቬኒስ ኮሚሽን የተባለው የአውሮፓ ምክር ቤት የሕግ አማካሪ አካል የድጋፍ ፊርማ ከምርጫ ክልሉ መራጮች 1 በመቶ መብለጥ የለበትም ይላል። በአንድ ቀበሌ ደረጃ ይህ ማለት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ቃል ኪዳኑን የሚከታተለው ኮሚቴም ቢሆን የደጋፊ ቁጥር መጠየቅን አይከለክልም፤ ምክንያታዊ እንዲሆንና ለዕጩነት እንቅፋት እንዳይሆን ነው የሚያሳስበው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ብዙ ያሰበ ሰው የሚያነሣው ነው። ምርጫ የሚታመነው ሲታይ ነው ይላል። የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ካልተለጠፈ የሞተ ሰውና የሌለ ሰው እንደተመዘገበ ማን ያውቃል? የየጣቢያው ውጤት በጣቢያው በር ላይ ካልተለጠፈ ቁጥሩ መንገድ ላይ እንዳልተለወጠ በምን ይታወቃል? የ1997ቱን ምርጫ ውጤት ውዝግብ፣ ከዚያም የፈሰሰውን ደም ያየ ሰው ይህን ክርክር አቅልሎ ማለፍ አይችልም። እኔም አላልፍም። መዝገቡ ይለጠፍ፤ ውጤቱም ይለጠፍ።

ልዩነቴ በመጠኑ ላይ ነው። መዝገቡ ሲለጠፍ ስሙ ይበቃል፤ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥርና የጣት አሻራ አብረው መለጠፍ የለባቸውም። የሞተን ሰው ስም ለመለየት ጎረቤቱ የስልክ ቁጥሩን ማየት አያስፈልገውም። ምዝገባው ወደ ዲጂታል እየተሸጋገረ ባለበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። በእጅ የተጻፈን መዝገብ ለመገልበጥ ቀናት ይፈልግ ነበር፤ አሁን የወረዳውን ሙሉ መራጭ በአንድ ፍላሽ ይዞ መውጣት የደቂቃ ሥራ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የፖለቲካ አመለካከትን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች መካከል ቆጥሮታል። እንግዲህ የድጋፍ ፊርማ የፖለቲካ አመለካከት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አዋጁ ለባንክና ለቴሌኮም ብቻ የወጣ የሚመስላቸው የምርጫ አስፈጻሚዎች ካሉ፣ ይህን አንቀጽ ደጋግመው ሊያነቡት ይገባል።

የየጣቢያው ውጤት መለጠፍ የሚያመጣው ችግር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። አንድ ጣቢያ የሚያስተናግደው ቢበዛ 1,500 ያህል መራጭ ነው፤ በገጠር ከዚያም በታች የሚሆንበት አለ። የአንድ ሰው ድምፅ አይታወቅም፤ የመንደሩ ድምፅ ግን ቁልጭ ብሎ ይታወቃል። «ያኛው ጎጥ እኛን አልመረጠም» ለማለት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ህንድ ይህንኑ ችግር ስታነሣው ቆይታለች። የምርጫ ኮሚሽኗ እ.ኤ.አ. በ2008 የብዙ ጣቢያዎችን ድምፅ አደባልቆ የሚደምር መሣሪያ ሥራ ላይ ይዋል ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የሕግ ኮሚሽኗም በ2015 ደግፎታል። መንግሥት አልተቀበለውም። ለእኛ እንዲህ ያለ መሣሪያ አሁን አይሆንም፤ ቆጠራው በጣቢያው መካሄዱ ካመጣልን መተማመን የሚቀድም ነገር የለምና። ስለዚህ በዚህ ነጥብ ላይ ፍርዴ ለግልጽነቱ ያደላል፤ ድምፅ ሰጪያቸው እጅግ ጥቂት የሆኑ ጎረቤት ጣቢያዎች ግን የዕጩ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት አንድ ላይ ቢቆጠሩ የሚጎዳ ነገር አይታየኝም።

ከ2005 ወዲህ ያልተካሄደው ምርጫ

ይህ ሁሉ ለምን አሁን? በክልሎች የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው። በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ተራዘመ፤ ከዚያም ደግሞ ተራዘመ። ለፓርላማና ለክልል ምክር ቤት ሲመረጥ፣ ገበሬው በየቀኑ የሚያገኘው መንግሥት ግን ሳይመረጥ ቀረ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ያለው ለዚህ አልነበረም።

የቀድሞዎቹ ሁለት ምርጫዎች ታሪክም ሊረሳ አይገባም። በሚያዝያ 2000 በመላ አገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ መቀመጫ ለውድድር ሲቀርብ፣ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወሰዱ። በፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ የሚመራው ኅብረትና ኦፌዴን ዕጩዎቻችን እንዳይመዘገቡ ተደረገ ብለው ከውድድሩ ወጡ። በ2005 ደግሞ 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም አሉ። መቀመጫው እንዲህ የበዛው የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር በብዙ ቦታ እስከ 300 ከፍ እንዲል ስለተደረገ ነው። ስለዚህ ቁጥር ብዙ የተባለው ስለ ተሳትፎ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። በአንድ ቀበሌ 300 ሰው ዕጩ ከሆነ፣ በየጥቂት ቤቱ አንድ ዕጩ አለ ማለት ነው። ያኔ ሰው የሚለየው በዕጩነቱ መሆኑ ይቀርና ዕጩ ባለመሆኑ ይሆናል። «አንተ ለምን ስምህ የለም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ዕጩነት መብት መሆኑ ቀርቶ ታማኝነት የሚታይበት መዝገብ ይሆናል፤ የመራጩም ምስጢር በዚያው መጠን ይቀንሳል። የሚቀጥለው ምርጫ ሕግ ይህን ቁጥር ዝቅ ማድረግ አለበት።

ከዚህ ሌላ መስተካከል ያለበት የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። የመራጩ ግላዊ ምስጢር ይጠበቅ ሲባል አንዳንድ ተወዳዳሪዎች «የእኛስ?» ይላሉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሥልጣን የሚፈልግ ሰው ሊገለጥ ይገባዋል፤ ስሙ፣ ሥራው፣ በቀበሌው ውስጥ የያዘው ኃላፊነት፣ ሀብቱ። ሀብት የማሳወቅና የማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668 ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራጮችና ሹመኞች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል፤ ይህ ወደ ወረዳና ቀበሌ ተመራጮችም በደንብ መውረድ አለበት። የምርጫ ሕጉ ዳኛ፣ ወታደርና ፖሊስ ለመወዳደር ከፈለጉ ሥራቸውን እንዲለቁ ይጠይቃል፤ በመራጩ ላይ ጫና እንዳያሳድሩ ነው። በገጠር ግን ከዳኛው ይልቅ በገበሬው ኑሮ ላይ ቅርብ የሆነው የማዳበሪያውን ዝርዝር የያዘው ሰው ነው። እሱ ዕጩ ከሆነ ምዝገባው ከጀመረበት ቀን አንሥቶ የማዳበሪያውን፣ የሴፍቲኔቱንና የመታወቂያውን መዝገብ ለሌላ ሠራተኛ ማስረከብ አለበት። ከዕጩዎች ደንብ ውስጥ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ስለ ድጋፍ ፊርማውም የምለው ግልጽ ነው። በወረዳና በቀበሌ ምርጫ ቤት ለቤት ማስፈረም ይከልከል። ደጋፊ መሆን የሚፈልግ ሰው በምርጫ ቦርዱ ሠራተኛ ፊት፣ ለብቻው፣ በነጠላ ወረቀት ይፈርም፤ የሌላውን ስም አይይ። ዕጩው ቁጥሩ መሙላቱ ይነገረው እንጂ ዝርዝሩ አይሰጠው። ወረቀቶቹ ይታሸጉ፤ የክርክር ጊዜው ካለፈ በኋላ የፓርቲ ወኪሎች ባሉበት ይቃጠሉ። እንግሊዝ የድምፅ መስጫ ወረቀቶቿ ተከታታይ ቁጥር ስላላቸው ማን ማንን እንደመረጠ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊፈለግ ይችላል፤ ሕዝቧን ያስተማመነው ወረቀቶቹ ታሽገው ቆይተው ከዓመት በኋላ መደምሰሳቸው ነው። የእኛ ቅጾችና መዝገቦች ግን መቼ እንደሚወገዱ ለአስፈራሚውም ለፈራሚውም ተነግሯቸው አያውቅም። ማንኛውም የደጋፊ ዝርዝር የሚወገድበት ቀን በራሱ በቅጹ ላይ ሊታተም ይገባል።

ይህን ለማድረግ አዲስ ሕገ መንግሥት አያስፈልግም። ብዙው በምርጫ ቦርዱ መመሪያ የሚያልቅ ነው፤ የምክር ቤት አባላቱን ቁጥርና የቀበሌ መዝገቦችን ርክክብ የመሰለው ደግሞ የአማራ ክልል ምክር ቤት ሊወስነው የሚችለው ነው። ሰላሙ ተመልሶ በሐይቅና በውጫሌ የቀበሌ ምርጫ ይካሄዳል የሚባልበት ቀን ሲመጣ መመሪያው ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት፤ ዕጩዎች ወረቀት ይዘው መዞር ከጀመሩ በኋላ የሚወጣ መመሪያ አያድንም።

እስከዚያው ለተሁለደሬና ለአምባሰል አንባቢ አንድ ቃል አለኝ። ደጃፍዎ ላይ የድጋፍ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ፣ የሚወዱት ዕጩ እንኳ ቢሆን፣ ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ይህን ወረቀት ማን ያየዋል? የት ይቀመጣል? መቼ ይቃጠላል? መልስ ከሌለው አይፈርሙ። አለመፈረምም መብትዎ ነው።